መንኰራኵሮቹ የማይተካከሉ ባለ ሞተር ብስክሌት ስለ መሥራት

በየቀበሌው የሚያገለግሉት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የዘሩን ናሙና፥ የክትባቱን ሣጥንና የመርጫውን መሣሪያ ተሸክመው ከመንደር ወደ መንደር ሲመላለሱ የሥራ ቀናቸው በመንገድ እንደሚያልቅ ያልተረዳ ሹም አይገኝም። ብስክሌት ያገኘውም ሠራተኛ በሜዳው አገር ቢደሰትበት፥ ዳገቱ በመጣ ጊዜ ከሸክሙ ጋራ ብስክሌቱን ጭምር ይገፋልና ድካሙ እጥፍ ይሆንበታል። በብስክሌት ላይ ትንሽ ሞተር የመግጠም አሳብ የሚነሣው ከዚህ ነው። ነገሩ በማመልከቻ ቀርቦ ፈቃድና ገንዘብ የተጠየቀበት እንደ ሆነ፥ የሚወስነው ሹም የመካኒክ ሙያ እንዲኖረው ግድ አይደለም፤ ነገር ግን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ሳያውቅ ቢፈርም፥ የአንድ ሰው ሕይወትና የሕዝብ ገንዘብ በአንዲት ብየዳ ላይ ተንጠልጥሎ መንገድ ይወጣል።

ምሳሌ የሚሆነን በአዲስ አበባ፥ በልደታ፥ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ብረት በያጅ ደጅ ሲሠራ ያየሁት ብስክሌት ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጠመንጃ ይዘው ያገለግሉ ከነበሩ ሰዎች መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ እኔ ባየሁት ደጅ ግን የሚተኵሰው ብየዳ ብቻ ነበረ። የዚህ ብስክሌት የኋላ መንኰራኵር በተለምዶ ባለ 26 ኢንች የሚባለው ሲሆን፥ የፊተኛው ከልጅ ብስክሌት የተወሰደ ባለ 20 ኢንች ነው። አላፊ አግዳሚው «አባትና ልጅ በአንድ ኮርቻ» እያለ ይስቅበት ነበረ። በያጁ ግን ለሳቁ ጆሮ አልሰጠም። አሮጌ ብረት ከሚሸጥበት ከምናለሽ ተራ የሚገዛ ሰው ቸርኬ የሚያገኘው እንደ ዕድሉ አንድ አንድ እያለ ነው እንጂ እንደ ጫማ በጥንድ አይደለም። ከዚህም በላይ አሠሪው ሸክሙን ከፊት ለመጫን ስለ ፈለገ፥ የመንኰራኵሩ ማነስ ለአሳቡ ተስማማለት።

የብስክሌትን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ ለሚያይ ሰው አለመተካከሉ አዲስ ነገር አይደለም። በሰንሰለት የሚነዳው ብስክሌት ከመለመዱ በፊት፥ መርገጫው ከፊተኛው መንኰራኵር ጋራ በቀጥታ የተያያዘ ስለ ነበረ፥ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ለመሄድ ሲባል ፊተኛው ከሰው ደረት እስኪደርስ ድረስ አደገ፤ ኋለኛውም እጅግ አነሰ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» የተባለውን ብስክሌት አውጥቶ የእግርን ኃይል በሰንሰለት ወደ ኋለኛው መንኰራኵር ባስተላለፈ ጊዜ ያን ያህል ማስበለጥ የማያስፈልግ ሆነ፤ እኩል ማድረግም ቀስ በቀስ ልማድ ሆኖ ጸና። ልማዱን እንደ ገና ያፈረሱት ዕቃ አመላላሾች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ሥጋና ዳቦ ለየቤቱ ያደርሱ የነበሩት ልጆች የሚነዱት ብስክሌት ፊተኛው ትንሽ፥ ኋለኛው ትልቅ ነበረ። ከትንሹ መንኰራኵር በላይ ባዶ በቀረው ቦታ ትልቁ ቅርጫት ዝቅ ብሎ ይቀመጥበታል። ቅርጫቱም የሚታሰረው በመሪው ላይ ሳይሆን በብስክሌቱ አካል ላይ ስለ ሆነ፥ መሪው ሲዞር ሸክሙ አይዞርም።

በብስክሌት ላይ የሚገጠም ሞተርም እንደዚሁ የችግር ልጅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጣልያን ሕዝብ አውቶሞቢል የሚገዛበት ገንዘብ ባልነበረው ጊዜ፥ የዱካቲ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ 48 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነውን «ኩቾሎ» የተባለውን ሞተር ይሠራ ጀመር፤ ትርጓሜውም ቡችላ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ቡችላውን ገዝቶ ከዚህ ቀደም በነበረው ብስክሌት ላይ ያስገጥመው ነበረ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንመለስ። አስቀድሞ ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። «ባለ 26» ወይም «ባለ 28» የሚለው የገበያ ስም እምነት የሚጣልበት ልክ አይደለም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ልዩ ልዩ ቸርኬዎች አሉና። ጎማው ቸርኬውን የሚነክስበት ክብ ከዳር እስከ ዳር በአንዱ ባለ 26 ዘንድ 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ በሌላው ባለ 26 ዘንድ 590 ነው፤ በባለ 28 ዘንድም 622 እና 635 የሆኑ አሉ። ስለዚህ በጎማው ጎን ላይ የታተመውን ቍጥር ማንበብ ነው። 47-559 የሚል ቢገኝ፥ ፊተኛው ቍጥር የጎማው ውፍረት፥ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ነው። ሁለተኛው ቍጥር ከቸርኬው ጋራ ያልገጠመ ጎማ በጉልበት ቢገባም እንኳ በመንገድ ላይ ይወልቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ዋናው ነገር መሪው ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚዘነጋውም ይህን ነው። ባለ 26ቱ መንኰራኵር ወፈር ያለ ጎማ ለብሶ ከመሬት እስከ እምብርቱ 330 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ባለ 20ው 252 ያህል ነው። ስለዚህ ሹካውን ሳይለውጡ ትንሹን መንኰራኵር ከፊት ያስገቡት እንደ ሆነ፥ የብስክሌቱ ፊት 78 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከፊተኛው እምብርት እስከ ኋለኛው እምብርት 1,050 ሚሊ ሜትር በሆነ ብስክሌት ላይ ይህ ዝቅታ መላውን አካል ከ4 ዲግሪ በላይ ወደ ፊት ያጎነብሰዋል። 4 ዲግሪ ለዓይን ምንም አይመስልም፤ ለመሪው ግን ብዙ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የመሪውን ዘንግ ማየት ይበቃል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይሆን ወደ ኋላ ጋደል ብሎ የተተከለ ነው። በአሳብ እስከ መሬት ድረስ ብናስረዝመው፥ መሬቱን የሚነካው ጎማው ከሚያርፍበት ነጥብ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ይህ መቅደም ጎማውን ተጎታች ያደርገዋል። በቅሎ በልጓም ሲስቧት ቀጥ ብላ ትከተላለች፤ ከኋላ ሲገፏት ግን ወደ ጎን ትላለች፤ የብስክሌትም ጎማ ጠባዩ እንዲሁ ነው። ዘንጉ በ70 ዲግሪ በተጋደለ፥ የሹካውም ጫፍ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት በወጣ ብስክሌት ሒሳቡን ብንሠራው፥ ባለ 26 መንኰራኵር ሳለ የመቅደሙ ልክ 72 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚያው ሹካ ባለ 20ውን ብናስገባ ግን ወደ 24 ሚሊ ሜትር ይወድቃል። በእግሩ እየረገጠ በዝግታ የሚሄድ ልጅ ይህን ሊችለው ይችላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚያስኬድ ሞተር ላይ የተቀመጠ፥ ከፊቱም ሸክም ያሰረ ሰው ግን መሪው በእያንዳንዱ ጠጠር እየተወናወነበት፥ አንድ እጁን ለምልክት ባነሣ ጊዜ ሊወድቅ ይችላል።

መድኀኒቱ ሹካውን ማስረዘም ነው። የጠመንጃ ያዡ በያጅ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ሹካው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም የብስክሌቱ ፊት ወደ ቀድሞ ከፍታው፥ ዘንጉም ወደ 70 ዲግሪው ይመለሳል፤ የመቅደሙም ልክ ከ24 ወደ 44 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ይህ ብቻውን አይበቃም። የሹካው ጫፍ ወደ ፊት የሚወጣበትን ከ45 ወደ 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጎ ቢያቀኑት፥ መቅደሙ ወደ 65 ደርሶ ከመጀመሪያው ጠባዩ ጋራ ሊቀራረብ ነው። ስለዚህ ትንሽ መንኰራኵር ከፊት የሚያገባ ሰው ሹካው ረዘም ያለ፥ ደግሞም ቀና ያለ መሆን እንዳለበት ይወቅ። የሚያመለክተውን ሠራተኛ «ሹካውን ምን አደረግኸው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ፥ ሥራውን የሚያውቀውንና የማያውቀውን ይለያል።

የማስረዘሚያው መንገድም ልዩነት አለው። የሹካውን እግር ቆርጦ በመካከሉ ቍራጭ ቧንቧ እየቀጠሉ ከላይ ብቻ መበየድ ክፉ ሥራ ነው፤ መላው የፍሬን ጉልበት የሚያርፈው በዚያ ስፌት ላይ ነውና። የግድ የሚቀጠል ከሆነ፥ የተቀጠለውን አልፎ ከላይም ከታችም የሚደርስ ሌላ ቧንቧ ከውስጥ ገብቶ አብሮ ይበየድ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ምንም ሳይቀጥሉ፥ ሞላ ያለውን የተራራ ብስክሌት ሹካ መፈለግ ነው፤ ይህ ሹካ ለሞላው መጭመቂያ ቦታ እንዲኖረው ከተራው ሹካ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ያህል ነው።

ሹካው በዚህ ዓይነት ሲገኝ ሌላ ችግር ብቅ ይላል። የፍሬኑ መያዣ በሹካው ላይ የተበየደው ለባለ 26 ቸርኬ ከፍታ ስለ ሆነ፥ የፍሬኑ ጎማ ከትንሹ ቸርኬ 76 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ በአየር ላይ ይቀራል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ባዩ ጊዜ የፊተኛውን ፍሬን ጨርሰው ይተዉና በኋለኛው ብቻ ይነዳሉ። ይህ ከቶ ሊፈቀድ አይገባም። ብስክሌት ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይዛወራል፤ የኋለኛው መንኰራኵር ቀልሎ ይንሸራተታል፤ የሚያቆመው እንግዲህ ፊተኛው ነው። ስለዚህ ወይ የፍሬኑ መያዣ ዝቅ ብሎ በሌላ ቦታ ይሠራ፥ ወይ ከመንኰራኵሩ እምብርት ጋራ በሚታሰረው በዲስክ ፍሬን ይለወጥ።

የፍሬንን ነገር በሒሳብ ማየት ይጠቅማል። ሰው፥ ብስክሌት፥ ሞተርና ሸክም አንድ ላይ 120 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፥ በሰዓት በ30 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ በ15 ኪሎ ሜትር ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ ነው እንጂ ሁለት እጥፍ አይደለም። በቁልቁለትም 100 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ ተይዞ ቢወረድ፥ ወደ ቸርኬውና ወደ ፍሬኑ የሚገባው ሙቀት ከሊትር ሢሶ የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከእንጦጦ ራስ እስከ ልደታ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ600 ሜትር በላይ መሆኑን ያሰበ ሰው፥ በደጋው አገር ቸርኬ በእጅ የማይነካ እስኪሆን ለምን እንደሚግል ይገባዋል። ትንሹ ቸርኬ ደግሞ ብረቱ ከትልቁ ሢሶ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ስለሚያንስ፥ በዚያው ሙቀት ይልቅ ይግላል፤ የውስጡም ጎማ ሊፈነዳ ይችላል። በረዥም ቁልቁለት እየቆሙ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ስለ ሞተሩ ደግሞ የሚነሣ አንድ አሳብ አለ። «ትንሹን መንኰራኵር ከኋላ ብናደርገው ሞተሩ ዳገት ይወጣልን የለምን?» የሚሉ አሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ለብስክሌት ተብለው ከሚሸጡት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች በብዙዎቹ ዘንድ፥ በሞተሩ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ዙሩን 4.1 ጊዜ ያዘገዩታል፤ ከዚያ በኋላ ከ10 ጥርስ ወደ 44 ጥርስ የሚሄደው ሰንሰለት 4.4 ጊዜ ያዘገየዋል፤ በጠቅላላው 18 ጊዜ ያህል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 4,500 ጊዜ ሲዞር ባለ 26ቱ መንኰራኵር በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር፥ ባለ 20ው ግን 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ፍጥነቱ በቀነሰው ልክ የመግፋቱ ኃይል ሢሶ ያህል ይጨምራል።

ነገር ግን ያንኑ ጥቅም በሌላ መንገድ ማግኘት ሲቻል ስለ ምን ብስክሌቱን እናበላሻለን? ባለ 44 ጥርሱን ክብ ብረት አውርዶ በምትኩ ባለ 56 ወይም ባለ 58 ቢያስገቡ፥ ባለ 26ቱ መንኰራኵር እንደ ባለ 20ው ይጎትታል። ትንሹ መንኰራኵር ከኋላ የሆነ እንደ ሆነ ግን ብስክሌቱ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ መሪው ይከብዳል፤ በዳገት ላይ ፊቱ ይነሣል፤ የመርገጫውም እምብርት 46 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚወርድ መርገጫው በመንገዱ ድንጋይ ይመታል። እንግዲህ መንኰራኵርን ማሳነስ የሚገባው ለሸክሙ ሲባል ከፊት ነው፤ ለጉልበት ሲባል ግን የሚለወጠው ጥርሱ ነው። በእኔ አስተያየት ማመልከቻው በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ቢመረመር እንኳ ብዙ ገንዘብ ይድናል።

ከዚህ ሕግ ውጭ የሚሆነው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በመንኰራኵሩ እምብርት ውስጥ የሚቀመጠው ሞተር ጥርስ የሚለወጥለት አይደለምና፥ በረዥም ዳገት ቀስ ብሎ ሲዞር ይግላል፤ በትንሽ መንኰራኵር ውስጥ የሆነ እንደ ሆነ ግን ለዚያው መንገድ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ድካሙ ይቀልለታል። ደግሞም የኤሌክትሪክ ሞተር የአየር መሳሳት አይጎዳውም። የቤንዚኑ ግን ይጎዳል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በወረቀት ላይ የተጻፈውም የሞተሩ ጉልበት አንድ አራተኛው ገደማ ከመንገድ ይቀራል። ካንዴላው ጠቁሮና ርሶ ቢገኝ ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቶበታል ማለት ነውና፥ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ በጠበበች ትለወጥ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ብዙውን ሰው ወደ ኤሌክትሪክ እንዲያይ አድርጎታል፤ ቢሆንም መብራት ለሌለበት ቀበሌ ባትሪ የሚሞላበትን ቦታ ሳያረጋግጡ የኤሌክትሪክ ሞተር መስጠት፥ ውሃ በሌለበት ገንዳ እንደ መሥራት ነው።

ሞተሩ በብስክሌቱ ቧንቧ ላይ ሲያርፍ በማቀፊያና በብሎን ይታሰር እንጂ ቧንቧው አይበሳ፤ ሞተሩን የሚይዘውም ብረት በላዩ አይበየድ። የብስክሌት ቧንቧ እጅግ ስስ ስለ ሆነ የኤሌክትሪክ ብየዳ በቀላሉ ያቃጥለዋል፤ ሳይቃጠል ቢቀር እንኳ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ከብየዳው ጠርዝ ጀምሮ ይሰነጥቀዋል። ጥርሳሙ ብረት በኋለኛው መንኰራኵር ሽቦዎች ላይ የሚታሰር ዓይነት የሆነ እንደ ሆነ፥ ሽቦዎቹ ወፍራሞችና 36 ቢሆኑ ይመረጣል። ያልተስተካከለ አስተሳሰር ሰንሰለቱን አንድ ጊዜ ያጠብቀዋል፥ አንድ ጊዜ ያላላዋል፤ የላላ ሰንሰለት ከጥርሱ ወልቆ በሽቦዎቹ መካከል የገባ ጊዜ መንኰራኵሩ ወዲያው ይቆማል።

የሸክሙ ነገር በግብርና ሥራ የራሱ ጥንቃቄ አለው። የክትባቱ ሣጥን ከሞተሩና ከጭስ መውጫው ርቆ፥ ከትንሹ መንኰራኵር በላይ በብስክሌቱ አካል ላይ በተሠራው መጫኛ ይቀመጥ፤ በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ሣጥን መሪውን ይጎትታል። የተባይ መድኀኒትና ዘር በአንድ ሣጥን አይጫኑ። ትንሹ መንኰራኵር በጉድጓድ ውስጥ ከትልቁ ይልቅ ጠልቆ ስለሚገባ፥ ለፊተኛው ወፍራም ጎማ ማልበስ ለብልቃጦቹም ለነጂውም ይበጃል።

ሞተር የተገጠመበት ብስክሌት በሕግ ፊት ምን ተብሎ እንደሚቈጠር ከሥራው በፊት የወረዳውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያሻል፤ ስለ ተሽከርካሪ መለያ፥ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣ አዋጅ ቍጥር 681/2002 አለ፤ በአዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ በሚነዱ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ክልከላ ወጥቶ እንደ ነበረ ይታወሳል። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከመከልከል አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ብስክሌቱ ተሠርቶ በቀረበ ጊዜ የሚቀበለው ሹም ወዲያው በመዝገብ አያስገባው። በመጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ፥ በመጫኛው ላይ ሠራተኛው በእውነት የሚይዘውን ያህል አሸዋ በከረጢት ታስሮ፥ ሰው በሌለበት አነስተኛ ቁልቁለት ይፈተን። መሪው ከተወናወነ ወደ በያጁ ይመለስ። ቀጥሎ ሁለቱ ፍሬኖች ለየብቻ ይያዙ፤ እያንዳንዱ ብቻውን ብስክሌቱን ማቆም መቻል አለበት። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ፥ ብሎኖቹ ሁሉ እንደ ገና ይጥበቁ፤ የመንኰራኵሮቹ ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣት ይነኩ፤ የሹካውም ብየዳ ታጥቦ በብርሃን ይታይ። በቀለሙ ላይ እንደ ፀጕር የቀጠነች መስመር ብትገኝ ቀለሙ ተፍቆ ከሥሩ ይመርመር፤ መስመሯ በብረቱም ላይ ከታየች ብስክሌቱ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አይነዳ።